ሰይጣን በሶ ጠየቀ

በእኛ ጊዜ አንኮበር የቄስ ልጅ መሆን ማለት ሌላው ልጅ ሲበላ ቆሞ ማየት ማለት ነበር። ይህን የምለው አማርሬ አይደለም። ብርዱም ነበር፣ ጉሙም ነበር፣ ጾሙም ነበር፤ በጉም የሚያማርር የአንኮበር ሰው አይቼ አላውቅም።

አሁን ጡረተኛ ነኝ። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ደብረ ብርሃን ስልክ ቤት፣ የሰው መስመር ስቀጥልና ስቆርጥ ነው። ከዚያ የተነሳ ረጅም ወሬ አልወድም፤ ሦስት ደቂቃ ሲሞላ እጄ ለመቁረጥ ይነሳል። ይህችኛዋን ግን ላሳጥራት ሞክሬ እንቢ አለችኝ። ሰዎች ተሰብስበው «ይሄ ልጅ ሰነፍ ነው፣ ያቺ ልጅ ጠባየ ብልሹ ናት» ሲሉ በሰማሁ ቁጥር ትመጣብኛለች። እንግዲህ ልጅ ያላችሁም፣ ልጅ የነበራችሁም አድምጡኝ።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው። ዕድሜዬ ዐሥራ ሦስት፣ ክፍሌ ስድስተኛ። ስሜ ጽጌ ነው፤ ጽጌ ሲባል ከክፍሉ አንደኛ ማለት ነበር። የእኛ ትምህርት ቤት ከስድስተኛ በላይ ስላልነበረው፣ ከዚያ ወዲያ መማር የፈለገ ደብረ ብርሃን መሄድ ነበረበት። ሴት ልጅ ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዳ ምን ታመጣለች የሚል ሰው ደግሞ ሞልቶ ነበር። አባቴ ቄስ አስራት ይህን በግልጽ አይሉም፤ ግን ሌላ ሰው ሲል አይቃወሙም።

ዲያቆን ሳያገባ ቅስና አይቀበልም፤ ለዲያቆን ደግሞ ከቄስ ልጅ የሚሻል የለም ይባላል። በጥምቀት ሰሞን ከጎረቤት ደብር ሽማግሌዎች መጡና እኔን ለአንድ ዲያቆን ጠየቁ። እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። አባባ እንዲህ አሉ፦

«ትምህርት ጀምራለች። ካለፈች ደብረ ብርሃን እህቴ ዘንድ አስቀምጬ አስተምራታለሁ። ከወደቀች ግን ከፋሲካ በኋላ ኑ፤ ቃሌ ነው።»

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለት መንገድ ብቻ ነበረኝ፤ ወይ ሰባተኛ ክፍል፣ ወይ ሙሽርነት። ዲያቆኑን አይቼው አላውቅም። ደህና ልጅ ነው ይሉ ነበር፤ እኔ ግን ደህናም ቢሆን አልፈለግሁትም።

ሁዳዴ ገባ። በሌላው ቤት ትንሹም ትልቁም ልጅ ጠዋት ቂጣውን ደብቆ ይዞ ይወጣል። ጠበቅ ያለው ቤት እስከ ቀትር ያስጾማል። እኔም እስከ ዓምና እስከ ቀትር ነበርኩ። ዘንድሮ ግን አባባ ጠሩኝ።

«አሁን ለትዳር የምትጠየቂ ሰው ሆነሻል» አሉኝ። «የሰውን ልጅ ጹም እያልኩ የእኔዋ በጠዋት ስታኝክ ብትታይ ምን እባላለሁ? ከእንግዲህ እስከ ቅዳሴ መውጫ ነው።»

የሁዳዴ ቅዳሴ የሚወጣው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ነው። እሳቸው ደብሩ ካለበት ኮረብታ ወርደው ቤት እስኪደርሱ፣ እግራቸው እስኪታጠብ፣ ጸሎት ተደርጎ ማዕዱ እስኪባረክ ጀንበር ታዘቀዝቃለች። እሺ አልኩ። እሺ ከማለት ሌላ ምን የሚባል ነገር ነበር?

የመጀመሪያው ሳምንት ኩራት ነው። «ጽጌ እኮ እንደ ትልቅ ሰው ነው የምትጾመው» ሲባል አንገቴን ቀና አድርጌ እሄዳለሁ። ሁለተኛው ሳምንት ብርድ ነው፤ ምን ብደራርብ አይሞቀኝም። ከዚያ ወዲያ ቁጥሮቹ ከሰሌዳው ላይ ይንሸራተቱብኝ ጀመር። መምህሩ ቃል ሲያስጽፈን አንዱን ሰምቼ ሁለተኛውን እረሳለሁ። ዳገቱን ወጥቼ ክፍል ስገባ እንቅልፍ ይጥለኛል።

ጠባዬም ተበላሸ። ዘነበች የምትባል አጠገቤ የምትቀመጥ ደህና ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ቆሎ ስትቆረጥም ብሰማት እጇን ነከስኳት። ቆሎውን አልነካሁም፤ ጾመኛ ነኛ! መምህር ታደሰ የሚባለው አስተማሪያችን፣ የእነዋሪ ሰው ነው፣ ጠጠር ላይ አንበረከከኝ።

«አንደኛ ወጣሁ ብለሽ ነው የምትንጠባረሪው?» አለኝ። «እንዲህ ከሆንሽ እንኳን አንደኛ፣ ማለፉንም እንጃልሽ።»

ሰኞ ዕለት የመንፈቅ ዓመቱ የሒሳብ ፈተና ሆነ። በዚያ የወደቀ ለዓመቱ መጨረሻ ፈተና ስሙ አይላክም። ተቀምጬ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሠራሁ። ከዚያ እንደገና ያንኑ ሠራሁ። አሁንም ያንኑ። እየደጋገምኩ መሆኔን አውቃለሁ፤ እጄ ግን ወደሚቀጥለው አይሄድልኝም። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ወለሉን ነው።

ስነቃ አፍንጫዬ ሥር የሚጨስ ጨርቅ ተይዟል። የክፍል ልጆች በሩ ላይ ተደራርበው «ቡዳ በላት! ቡዳ በላት!» ይላሉ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ፣ በዚህ በዚህ ነገር አዋቂ ነኝ ባይ ነበር፣ ላዬ ላይ ቆሟል።

«ተናገር! ማን ነህ?» አለኝ።

«ጽጌ ነኝ።»

«ውሸታም! ስምህን ተናገር! ምን ፈልገህ መጣህ?»

ምን እንደምፈልግ ከጠየቁኝ ዘንድ አልዋሸሁም። «በሶ» አልኩ።

ዘበኛው እጁን አፉ ላይ ጫነ። «ሰማችሁ? በሁዳዴ፣ በዚህ ሰዓት፣ በሶ! ጾም ሊያስገድፋት ነው የመጣው!»

አትሳቁ። ነገሩ በደንብ የታሰበበት ነበር። የቄስ ልጅ በጠዋት ጾም አትፈታም፤ ይህችኛዋ ፍቱልኝ አለች፤ ስለዚህ የተናገረችው እሷ አይደለችም። እኔ ራሴ ውጭ ቆሜ ባይ ኖሮ ያንኑ ነበር የምለው። ተሸክመው ቤት አደረሱኝ። አባባ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ምን አለ?» ብለው ጠየቁ።

«በሶ አለ፣ አባ» አለ ዘበኛው።

«አዬ ጉድ!» አሉ አባባ። መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አኖሩና ብዙ ደገሙ። ለካ ፈርተውልኛል፤ ያን ጊዜ ግን የፈሩኝ ነበር የመሰለኝ።

ጠበል ተወሰነ። ጠበሉ ከገደሉ ሥር ነው፤ አባ ገብረ ሥላሴ የሚባሉ መነኩሴ ያጠምቃሉ። ጠበል የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው፤ ሱባኤ ለያዘ ደግሞ ጀንበር እስክትጠልቅ ምንም የለም፣ ስትጠልቅ እፍኝ ሽምብራ። በረሃብ ለወደቀች ልጅ የታዘዘው መድኃኒት ረሃብ ሆነ ማለት ነው። ማንም ክፉ አልነበረም። ሁሉም ሊያድነኝ ይሯሯጥ ነበር።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ አባባ ይዘውኝ ወረዱ። ውኃው የአንኮበር ውኃ ነው፤ አጥንት ይገባል። ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ «እየተቃጠለ ነው!» ይላሉ።

«ምን ይዘህ ትወጣለህ?» አሉ አባ ገብረ ሥላሴ።

«በሶ።»

«በሶ አታገኝም!»

ረቡዕም እንዲሁ። ሰይጣኑ ግትር ነው ተባለ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መምህር ታደሰ ቤታችን መጣ። ባርኔጣውን አውልቆ ደጃፍ ላይ ቆመ።

«አባ፣ ለታመሙ ልጆች ፈተናውን ዓርብ ጠዋት እንደገና እንሰጣለን» አለ።

«ልጄ፣ ሰይጣን የያዛት ልጅ ምን ትፈተናለች?»

«እኔ የማውቀው ደንቡን ነው። ዓርብ ካልቀረበች ስሟ አይላክም።»

«እንግዲያ የእግዜር ፈቃድ ነዋ» አሉ አባባ።

ጋቢ ተከናንቤ ተኝቼ ነበር። የእግዜር ፈቃድ የተባለው ነገር ዲያቆኑ መሆኑ ገባኝና አለቀስኩ። ሲያዩኝ «ሰይጣኑ አለቀሰ» ተባለ።

ሐሙስ አባባ የቅዳሴ ተራቸው ሆነና ለጠበሉ ያወረደችኝ እናቴ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እትዬ ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ግን የማትመልስ ሰው ናት። እስከዚያ ቀን ጠበሉ ላይ የሚሆነውን በወሬ እንጂ በዓይኗ አላየችም። አሁን ጥግ ይዛ ቆመች። ውኃው ወረደብኝ።

«ምን ትፈልጋለህ? ተናገር!»

ትዕግሥቴ አለቀ። «በሶ! ጥቁር አዝሙድ ያለበት በሶ! በቀንድ ዋንጫ!» ብዬ ጮህኩ።

«ተመልከቱልኝ» አሉ አባ ገብረ ሥላሴ ወደ ሰዉ ዞረው፣ «ዛሬ ደግሞ ቅመም ማማረጥ ጀመረ።»

እትዬ ወደ ፊት መጣች። ነጠላዋን አደግድጋ፦ «አባ፣ ይፍቱኝና አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች።

«ጠይቂ ልጄ።»

«በዚህ አገር በሶ ላይ ጥቁር አዝሙድ የሚጨምር የለም። ከእናቴ ወስጄው እኔ ብቻ ነኝ የምጨምረው፤ ጎረቤቱ ሁሉ ይስቅብኛል። ሰይጣን የእኔን በሶ የት ቀመሰው?»

አባ ገብረ ሥላሴ ጢማቸውን ጎተቱ። «ሰይጣን የማያውቀው ነገር የለም» አሉ፣ ግን እንደ መጀመሪያው አልጮኹም።

«ያውቅ ይሆናል አባ። ሲርበው ግን ሰምቼ አላውቅም።» ከዚያ ከውኃው ውስጥ ጎትታ አወጣችኝና ነጠላዋን አለበሰችኝ። «ይሄ የልጄ ድምፅ ነው። የወለድኳት እኔ ነኝ፣ አውቀዋለሁ።»

መነኩሴው ወደ እትዬ ዞሩ። «በጾም ያሰራት አባቷ ነው፤ ትፈታ ከተባለም እሱ ይፍታት። እኔ በሰው ቤት አልገባም» አሉ። ጨዋ ሰው ነበሩ፤ ጣጣውን ወደ ባለቤቱ መለሱት።

የዚያን ዕለት ከማዕድ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሆነውን ቃል በቃል ባልይዘውም እንዲህ ነበር።

«ለአራስ ይፈታሉ» አለች እትዬ። «ለበሽተኛ ይፈታሉ፣ ለመንገደኛ ይፈታሉ። ለልጅዎ ሲሆን መስቀሉ ከበደዎት?»

«የሰው ልጅ ብትሆን ደስ ብሎኝ እፈታ ነበር» አሉ አባባ። «የራሴን ስፈታ፣ ቄሱ ለቤቱ ሲሆን አላላው ይሉኛል።»

«ይበሉዋ!»

«አንቺ ይቀልሻል። ነገ መቅደስ የምቆመው እኔ ነኝ።»

«ነገ የምትወድቀው እሷ ናት። ፈተናውን ትተው ቢድሯትስ? እዚያም ቤት ራሷን ስታ ብትወድቅ፣ ሰይጣናም ልጅ ዳሩልን ብለው ያመጡልዎታል። ያኔ ትምህርትም የለ፣ ትዳርም የለ።»

አባባ ጋቢያቸውን ደርበው ወደ ደጅ ወጡ። እትዬም አልተከተለቻቸውም፤ እኔን አቅፋ ተኛች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ የሚሆን ነገር ያለ አልመሰለኝም።

ዓርብ ጠዋት አባባ ቀሰቀሱኝ። «ልበሺ። ደብተርሽን ያዢ» አሉ። ጠበል ልንወርድ ነው ብዬ ነበር፤ እሳቸው ግን የዳገቱን መንገድ ያዙ። ጉሙ ከቆላው እየወጣ ነው፤ ካባቸውን ለብሰዋል፣ በካባው ሥር አንድ ነገር አቅፈዋል። አባባ እስከዚያ ቀን ትምህርት ቤቴን ረግጠው አያውቁም።

ስንደርስ ተማሪው ባንዲራ ሰቅሎ ገና አልተበተነም። መምህር ታደሰም አለ፣ ዘበኛውም አለ፣ ገበያ የሚሄዱ ሴቶች አጥሩን ተደግፈው ያያሉ። አባባ ግቢው መሃል ባለው ጥድ ሥር ቆሙ። ከካባው ሥር ቅል አወጡ፣ የቀንድ ዋንጫውን አወጡ፣ ቀዱ። የጥቁር አዝሙዱ ሽታ መጣ።

«ጠጪ» አሉኝ።

በሶ እያልኩ ስንት ቀን የጮህኩት ሰው አፌን ገጠምኩ። ፈራሁ። ጾም የገደፈ ሰው ምን እንደሚያገኘው ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው!

«አባባ፣ ዓርብ ነው እኮ» አልኩ።

«ዓርብ መሆኑን ለእኔ ነው የምትነግሪኝ?»

«ሰው ያያል።»

«ይይ።»

እጄ አልነሳ አለ። ዘበኛው መሃል ገባ። «አባ! ሰይጣኑን ሊያበሉት ነው? በዓርብ? እርስዎ?»

ተማሪው ማጉረምረም ጀመረ። አባባ ዘበኛውን አዩ፣ ሴቶቹን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ዋንጫውን ወደ ራሳቸው አፍ አነሱና ጠጡት፤ እስከ ታች ጠጡት። ከሴቶቹ አንዷ «ውይ በሞትኩት!» ስትል ሰማሁ።

የዚያን ቀን አባባ ተራቸው ባይሆንም ቅዳሴ ገብተው ይቆሙ ነበር። ጠዋት ውኃ እንኳ የቀመሰ ቄስ በዚያ ቀን አይቀድስም፣ አይቆርብም። ይህን አጥር ላይ ያለችውም፣ መምህሩም፣ አንደኛ ክፍል ያለው ሕፃንም ያውቃል። አባባ ጢማቸውን በእጃቸው ጠረጉና ዋንጫውን እንደገና ሞሉ።

«አሁን የምንገድፈው ሁለታችንም ነን» አሉ። «ጠጪ፣ ጽጌ። ፈትቼሻለሁ።»

ጠጣሁ። እያለቀስኩ ጠጣሁ፣ ደገምኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ወዶኛል ብዬ አምኜ አላውቅም።

መምህር ታደሰ ሰዓቱን አየ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ይግቡ፣ የሚፈተኑ ይግቡ» አለ። ገባሁ። ቁጥሮቹ በቦታቸው ቆመው ጠበቁኝ። የመጀመሪያውን ሠርቼ ወደ ሁለተኛው ሄድኩ። አባባ እስክወጣ ድረስ ጥዱ ሥር ተቀምጠው ቆዩ። ስወጣ «እንዴት ነበር?» አሉኝ። «ደህና ነው» አልኩ።

አንደኛ አልወጣሁም። አንደኛ የወጣችው ዘነበች ናት። እኔ ግን አለፍኩ። ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ አልመጡም፤ ዲያቆኑ ሌላ የቄስ ልጅ አግብቶ ጥሩ ቄስ ወጣው አሉ። እኔ ክረምቱ ሲያልፍ ደብረ ብርሃን ገባሁ።

አባባ ግን ከፈሉበት። የንስሐ አባታቸው ስግደት አዘዙባቸው፣ እስከ ፋሲካ ማግስትም ከመቅደስ አስቀሯቸው። የፋሲካን ሌሊት ከምእመናኑ ጋር ውጭ ቆመው ነው ያሳለፉት። ወሬው እስከ አልዩ አምባ ገበያ ወረደ። የገረመኝ ሌላው ነገር ነው፤ በሚቀጥለው ሳምንት የክፍላችን ልጆች ሁሉ ቂጣቸውን ሳይደብቁ ይዘው መጡ። «ቄሱ ከፈቱ እኛ ማነን?» ብለዋል እናቶቹ። አባባም ከዚያ ወዲህ በየማታው «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ይሉኝ ጀመር። ክፍልፋይ ምን እንደሆነ ሳስረዳቸው አንድም አይገባቸውም፤ እስከ መጨረሻው ግን ይሰሙኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንንም አልነከስኩም።

እንግዲህ ይህን ያነበባችሁ ሰዎች ጾምን ነቀፈች አትበሉኝ። ዛሬም እጾማለሁ፣ ሐኪም እየተቆጣኝም እጾማለሁ። እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ልጁ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ «ሰነፍ» እንላለን፣ ሲማታ «ባለጌ» እንላለን፣ ድሮ «ቡዳ» እንል ነበር፤ ስም ማውጣት መቼም አያልቅብንም። ልጁ ራሱ ግን የፈለገውን ይናገራል። ሲናገር የምንሰማው ሌላ ሰው ተናገረ ብለን ነው። ምን በልቶ ወጣ? ቤት ሲገባ የሚጠይቀው ማን አለ? እስቲ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፤ ሰይጣኑ አይሸሽም፣ በኋላም ይደረስበታል።

አባባ አርጅተው ደብረ ብርሃን ቤቴ የከረሙበት አንድ ክረምት ነበር። ጥርሳቸው ስላለቀ በሶ እየበጠበጥኩ እሰጣቸዋለሁ። አንድ ቀን ለብዙ ዓመት የያዝኩትን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያን ዓርብ ቀድመው የጠጡት እኔ እንዳልፈራ ብለው ነው አይደል?»

በሶውን እስከ ታች ጠጡት። የሰሙኝ አልመሰለኝም።

«እሱም አለበት» አሉ በመጨረሻ። «ግን ርቦኝም ነበር፣ ጽጌ። ከልጅነቴ ጀምሮ ርቦኝ ነበር። የጠየቀኝ ሰው የለም እንጂ።»